የመኪና መለኪያ ሰሌዳ ሲበላሽ፦ በወገዳ መንገድ የገጠመንና ከጥገናው የተማርነው



በዚህ ዓምድ ዘወትር የምናነሣው ስለ ምንጭ ማጎልበት፣ ስለ ችግኝ ጣቢያና ስለ እርከን ሥራ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ መኪና የመለኪያ ሰሌዳ እንጽፋለን። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ በምእመናን መዋጮ ወይም በስጦታ የተገኘ መኪና የሚያስተዳድሩ ሰበካ ጉባኤያት አሉ፤ መኪና ባይኖራቸውም ጀኔሬተር ወይም የውሃ ፓምፕ ያላቸው ብዙ ናቸው። እነዚህ ሁሉ የሞተራቸውን ጤንነት የሚናገሩት በመለኪያና በማስጠንቀቂያ መብራት ነው። ሁለተኛው፣ የምንተርከውን ጥፋት የሠራነው እኛው ራሳችን ስለሆንን ነው። ሌላው ሲሳሳት አይተን ብንጽፍ ምክር ብቻ ይሆንብን ነበር።

የመለኪያ ሰሌዳ የምንለው ከመሪው በስተኋላ፣ በሹፌሩ ዐይን ትይዩ የሚገኘውን ክፍል ነው። ፍጥነትን፣ የተጓዘውን ኪሎ ሜትር፣ የነዳጁን መጠንና የሞተሩን ሙቀት የሚያሳዩ ጌጆች፣ እንዲሁም የዘይት፣ የባትሪና የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራቶች በአንድነት የሚቀመጡት በዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለፈው ዓመት በበጋው ወራት ለምንጭ ማጎልበት ሥራ የሚሆን ቧንቧና ሲሚንቶ ጭነን ከደብረ ታቦር ተነሣን፤ የጉናን ተራራ ግርጌ ይዘን ወደ ስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ወገዳ እንጓዝ ነበር። መኪናችን ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለ ባለ ናፍጣ ደብል ጋቢና ፒክ አፕ ነው። ወገዳ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን የሰሌዳው ጠቋሚዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደቁ። ፍጥነቱ ዜሮ፣ ነዳጁ ዜሮ፣ ሙቀቱም ከታች። መኪናው ግን ምንም እንዳልሆነ ይሄዳል። ሹፌራችን «ሰሌዳው ሞተ» አለ፤ እኛም ይህን የድንጋጤ ቃል እንደ ምርመራ ውጤት ተቀበልነው። የስሕተታችን መጀመሪያ ይህ ነው።

ከተማዋ ስንደርስ መሽቶ ነበር። የፊውዝ ሳጥኑን ከፍተን ብናይ ለጌጆቹ የተመደበው ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ተቃጥሏል። መለዋወጫ አልያዝንም። ከመካከላችን አንዱ በየመንገዱ ሲደረግ ያየውን ዘዴ አስታወሰ፤ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት በተቃጠለው ፊውዝ እግሮች ላይ ጠቅልሎ መመለስ። ዲያቆን በተሳፈረበት መኪና የሲጋራ ፓኮ ምን ይሠራል እንዳትሉን፤ ከአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ያነሣነው ባዶ ፓኮ ነው። ቁልፉ ሲዞር ሰሌዳው በራ፤ ጠቋሚዎቹም ተነሡ። ደስታችን ግን አንድ ደቂቃ አልሞላም። ከሰሌዳው በስተኋላ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፤ መብራቱም ድርግም ብሎ ጠፋ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ፊውዝ ምን እንደሆነ እናስረዳ፤ ብዙው ጥፋት የሚመጣው ይህን ካለመረዳት ነውና። ፊውዝ በኤሌክትሪኩ መስመር ላይ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ደካማ ቦታ ነው። ከተመደበለት በላይ ኃይል በመስመሩ ሲያልፍ ሌላው ሽቦ ከመጋሉ በፊት እርሱ ቀድሞ ይቀልጣል። ስለዚህ ፊውዝ ሲቃጠል የተበላሸው ፊውዙ አይደለም፤ ሥራውን ፈጽሟል። ያቃጠለው ምክንያት ገና በቦታው አለ። በእርሱ ፋንታ ሽቦ ወይም ብርማ ወረቀት ስናስገባ ደካማውን ቦታ አስወግደን ሌላ ደካማ ቦታ እንዲፈለግ እናደርጋለን። በመኪናችን ያ ሌላ ደካማ ቦታ ከሰሌዳው ጀርባ በስስ ፕላስቲክ ሉህ ላይ የታተመው ቀጭን የመዳብ መስመር ሆኖ ተገኘ። እኛ የሸተተን እርሱ ሲቃጠል ነው።

በማግስቱ ጧት መመለስ ስንችል ቀጠልንበት። የእርሳስ ማቅለጫ ካውያና ስታኞ ተውሰን፣ የመሪውን ዙሪያ ፕላስቲክ ፈትተን ሰሌዳውን አወጣነው። ፊቱን ከፍተን ወደ ውስጥ ለመድረስ ጠቋሚዎቹን በሻይ ማንኪያ ፈነቀልናቸው፤ የነዳጁ ጠቋሚ ከሥሩ ተሰበረ። በተቃጠለው መስመር ላይ ካውያውን ስናሳርፍ ፕላስቲኩ እንደ ሰም ተሸበሸበ፤ አጠገቡ የነበሩት ሁለት ጤነኛ መስመሮችም አብረው ሄዱ። ይህ የማይቀር ነበር። ስታኞ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ የካውያው ጫፍ ግን 300 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ያ ስስ ሉህ ይህን አይችልም። ሁሉንም መልሰን ስንገጥመው ሦስት ብሎን በእጃችን ተረፈ። «ሳይኖሩም ይይዛል» ብለን በኪሳችን ከተትናቸው። ስለ እነዚህ ብሎኖች ወደ ኋላ እንመለሳለን።

ያለ መለኪያ የተጓዝንባቸው ዘጠኝ ቀናት

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ያለ ሰሌዳ ተጓዝን። ሥራው የሚቆም አልነበረም፤ ሲሚንቶው በዝናብ እንዳይመታ ወደየምንጩ መድረስ ነበረበት። የሚያስፈራው የፍጥነቱ ነገር አልነበረም፤ በዚያ መንገድ ጉድጓዱና ጠመዝማዛው ራሱ ፍጥነትን ይወስናል። ያስፈራን የሙቀቱ ነገር ነበር።

የጋይንትና የእስቴ እናቶች ባቄላ በደጋው ቶሎ እንደማይበስል ያውቃሉ። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ቀድሞ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በ3,000 ሜትር ከፍታ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የጉና ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ መንገዳችን ጫፉን ባይነካም ከትከሻው ብዙ አይርቅም። የራዲያተር ክዳን ሥራ ውሃውን በግፊት ይዞ የመፍላቱን መጠን ከፍ ማድረግ ነው። ክዳኑ ላልቶ ከሆነ ግን ደገኛ መኪና ከቆለኛው ቀድሞ ውሃውን ያፈላል። ስማዳ ደግሞ ወደ በሽሎና ወደ ዐባይ በረሃ የሚወርድ አገር ነው፤ ጭነት ይዞ ከቆላው ወደ ደጋው የሚወጣ ሞተር ሁለቱንም ፈተና በአንድ ቀን ያያል። የሙቀቱን መውጣት በጊዜው ያላየ ሹፌር ጓርኒሲዮኑን ያቃጥላል፤ ከባሰም ቴስታታው ይሰነጠቃል። የዚያ ወጪ ለአንድ አጥቢያ የዓመት በጀት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ዳገት በወጣን ቁጥር እየቆምን፣ ኮፈኑን ከፍተን፣ የራዲያተሩን ቱቦ በርቀት በእጃችን መዳፍ ሙቀቱን እየለካን፣ የሚፈስ ወይም የሚተን እንዳለ እያየን ተጓዝን። ክዳኑን ግን ሞተሩ ሳይበርድ አልነካንም፤ በዚህ ምክንያት ፊታቸው የተቃጠለ ሹፌሮች እናውቃለን። እንዲህ ያለው ጉዞ ለአስቸኳይ ችግር እንጂ ለልማድ አይሆንም። ያለ ዘይት ማስጠንቀቂያ መብራት ሰው ጭኖ መጓዝንም ለማንም አንመክርም፤ እኛም ከሹፌሩና ከአንድ ሠራተኛ በቀር ሌላ ሰው አላሳፈርንም።

በሦስተኛው ቀን ያልጠበቅነው መጣ፤ ባትሪው ሞተ። የአጥቢያው ወጣቶች ገፍተው አስነሡልን። ይህም ከሰሌዳው ጋር የተያያዘ መሆኑን በኋላ ነው የተረዳነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች ዲናሞው ኃይል ማመንጨት የሚጀምረው በሰሌዳው ላይ ባለው የባትሪ ማስጠንቀቂያ መብራት በኩል ትንሽ ኃይል ሲደርሰው ነው። አምፖሉ ወይም መስመሩ ከተቃጠለ ዲናሞው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ላያመነጭ ይችላል። ያቺ ቀይ መብራት ለማሳወቅ ብቻ የተቀመጠች አይደለችም፤ የሥራው ተካፋይ ናት። ሌሊት ሌሊት ባትሪውን ቻርጅ እያስደረግን ሥራችንን ጨረስን።

ሰሌዳው እንዴት ያውቃል?

ሰሌዳው በራሱ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚነግሩት ሌሎች ናቸው። በነዳጅ ጋኑ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ ነዳጁ ሲወርድ አብሮ እየወረደ የኤሌክትሪኩን መተላለፊያ ያጠብባል ወይም ያሰፋል። መኪናው ተዳፋት ላይ ሲቆም የነዳጁ ጠቋሚ የሚዋሸው በዚህ ምክንያት ነው። በሞተሩ ላይ የተተከለው የሙቀት ሴንሰር ሲሞቅ የኤሌክትሪክ መቋቋሚያው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጠቋሚውም ከፍ ይላል። ፍጥነቱን የሚናገረው በካምቢዮው ላይ ያለ ሴንሰር ነው፤ በጥንቶቹ መኪኖች ግን የሚሽከረከር ገመድ ነበር። በብዙ የጃፓን መኪኖች 1 ኪሎ ሜትር ማለት የዚህ ክፍል 637 ዙር ነው። ሰሌዳው የሚሠራው ይህን መቍጠርና መተርጐም ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተለው የምርመራ ደንብ ቀላል ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ከጥፋቱ በኋላ ነው የተገለጠው። አንድ ጠቋሚ ብቻውን ቢሞት፣ ጥፋቱ የራሱ ሴንሰር፣ የራሱ ሽቦ ወይም የራሱ ጌጅ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢሞቱ ግን አራት ጌጆች ተመካክረው በአንድ ሰከንድ አይበላሹም፤ ጥፋቱ ሁሉም በሚጋሩት ነገር ላይ ነው። የሚጋሩት ደግሞ ጥቂት ነው፤ ፊውዙን፣ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረውን የግራውንድ ሽቦና ከሰሌዳው ጀርባ የሚሰካውን ሶኬት። እነዚህ ሦስቱም ሰሌዳው ሳይፈታ የሚታዩ ናቸው። የሶኬቱን ብቻ ለማየት ሰሌዳውን ጥቂት ወደ ፊት መሳብ ይጠይቃል፤ መፍታት ግን አያስፈልግም።

ፊውዙ ተቃጥሎ ከተገኘ በልኩ ይተካ፤ ባለ 10 ከሆነ በባለ 10፤ በባለ 20 አይደለም። ዳግመኛ ከተቃጠለ ሦስተኛ ከማስገባት በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፤ በቅርቡ በዚህ መኪና ላይ ምን ተጨመረ? የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ፣ ሬዲዮ፣ ተጨማሪ የጭጋግ መብራት፣ የድምፅ ማጉያ። በእኛ መኪና የሆነው ይኸው ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት ለችግኝ ተከላ ቅስቀሳ ድምፅ ማጉያ ስንሰቅል ኃይሉን ከሰሌዳው ጀርባ ካለው ሽቦ ቀጥለን ነበር። የቀጠልነው ሽቦ በመሪው ዘንግ ማቀፊያ ብረት ላይ ሲፈተግ ሰንብቶ፣ ልባሱ ተልጦ፣ በወገዳ መንገድ መናወጥ ብረቱን ነካ። ሰሌዳው ንጹሕ ነበር። እኛ ግን የፈረድነው በእርሱ ላይ ነው።

በቴክኒሻኑ ፊት

ሥራችንን ጨርሰን ወደ ባሕር ዳር ወረድን፤ የመኪና ኤሌክትሪክ በመጠገን የታወቁ አንድ በዕድሜ የገፉ ባለሙያ ዘንድ ደረስን። ሰሌዳውን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና ጠየቁን።

«ዲያቆን፣ ከእኔ በፊት ይህን ማን ነካው?»

«ማንም አልነካውም ጋሼ፤ በራሱ ነው የቆመው» አልን።

ይህን መጻፍ አይቀልልንም። ያሳፈረን ነገር ብዙ ነበር፤ የፕሮጀክት ንብረት ነው፣ በእጃችን ነው የተበላሸው፣ ደግሞም ማንኪያው። ጋሼ ቃላችንን አምነው ያልተከፈተ ሰሌዳ ሊኖረው የሚችለውን ጥፋት ሁሉ ከጧት እስከ ቀትር ሲፈልጉ ዋሉ። ከቀትር በኋላ ማጉያ መስታወታቸውን አድርገው የፊቱን ሰሌዳ ሲያዩ በፍጥነቱ ጠቋሚ ሥር ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጭረት አገኙ። «ይህስ የማንኪያ አፍ አይደለም?» አሉ፤ ቀና ብለውም አላዩንም። ያን ጊዜ ሁሉን ነገርናቸው፤ ብርማ ወረቀቱን፣ ካውያውን፣ ማንኪያውን። ከኪሳችንም ሦስቱን ብሎኖች አውጥተን በጠረጴዛቸው ላይ አኖርን።

አልተቈጡም። «ይህን ጧት ብትነግሩኝ ጧት እጨርሰው ነበር» ብቻ አሉ። ለንስሐ አባቱ ከፊሉን የሚናገር ሰው መድኃኒቱንም ከፊሉን ይዞ ይመለሳል ብለን በየጉባኤው የምናስተምረው እኛ ነን።

ብሎኖቹ ደግሞ ምሥጢሩን ፈቱት። በእንዲህ ያለ ሰሌዳ ጀርባ ያሉት ብሎኖች ጌጁን ከማሰር ሌላ ሥራ አላቸው፤ ከታተመው የመዳብ መስመር ወደ ጌጁ ኃይሉን የሚያሻግሩት እነርሱ ናቸው። እኛ «ሳይኖሩም ይይዛል» ያልናቸው የነዳጁ ጌጅ መንገዶች ነበሩ። በጥገና ጊዜ ብሎን ሲፈታ በወረቀት ላይ የሰሌዳውን ቅርጽ ሥሎ፣ እያንዳንዱን ብሎን በተፈታበት ቦታ ወጋ አድርጎ ማስቀመጥ የባለሙያዎቹ ልማድ መሆኑን ያን ቀን አየን። ቀላል ነገር ነው፤ ለጀኔሬተርም ለፓምፕም ይሠራል። ከመፍታት በፊት በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣትም እንዲሁ።

የጥገናው አካሄድ ይህን ይመስል ነበር። ጋሼ በተቃጠሉት መስመሮች ላይ ካውያ አላሳረፉም። ልባስ ያላቸው ቀጫጭን ሽቦዎች ቈርጠው፣ ጫፋቸውን በቀለበት መልክ ጠምዝዘው፣ ከአንዱ ብሎን ሥር ወደ ሌላው ብሎን ሥር ዘረጓቸው፤ የተቃጠለው የመዳብ መስመር ይሄድበት የነበረውን መንገድ ሽቦው ተተካበት። ወደ ሶኬቱ በሚወስደው በኩል ብሎን ስለሌለ በሶኬቱ የብረት እግር ላይ፣ ከፕላስቲኩ ርቀው፣ ለአንድ አፍታ ብቻ በያጁ። የተሰበረውን የነዳጅ ጠቋሚ ከአገልግሎት ውጭ ከሆነ ሌላ ሰሌዳ ወስደው ተኩ። የቀሩትን ጠቋሚዎች ግን አዲስ ማድረግ አላስፈለገም፤ ማንኪያችን ቦታቸውን ስላናጋ ልካቸውን ማስተካከል ነበረባቸው።

ይህ የመጨረሻው ሥራ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ጠቋሚ ተነቅሎ እንደ ነገሩ ቢሰካ ይሠራል፤ ግን ይዋሻል። የሚዋሽ የሙቀት ጌጅ ደግሞ ከሞተው ይብሳል፤ የሞተው ጌጅ ቢያንስ ሹፌሩን ያስጠነቅቃል። ጋሼ የሙቀቱን ጌጅ መጠናቸው የታወቀ መቋቋሚያዎች እያስገቡ አመሳከሩት። ነዳጁን በባዶና በሙሉ ጋን አረጋገጡ። ለፍጥነቱ ደግሞ ሜዳ መንገድ ላይ መኪናውን በ60 ኪሎ ሜትር እየነዳን በስልካችን የቦታ መጠቆሚያ ከሚታየው ፍጥነት ጋር አስተያየነው። ይህን የኋለኛውን ማንኛውም ሰበካ ጉባኤ ያለ ባለሙያ ሊያደርገው ይችላል። ሰሌዳው ከፍጥነቱ ጥቂት ከፍ አድርጎ ማሳየቱ የተለመደ ነው፤ ዝቅ አድርጎ ካሳየ ግን ወደ ጋራዥ ይመለስ።

በመጀመሪያ ያገለገለ ሌላ ሰሌዳ ገዝተን እንተካ የሚል ሐሳብ ነበረን። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራን በመሰሉ የመለዋወጫ ገበያዎች ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ ለአንዳንድ ጥፋትም ከጥገና ይልቅ ይረክሳል። የተውነው በኪሎ ሜትሩ ምክንያት ነው። ያገለገለ ሰሌዳ የሌላ መኪና ኪሎ ሜትር ይዞ ይመጣል። የእኛ መኪና የሄደውን ሳይሆን የሌላው የሄደውን ይናገራል ማለት ነው። ያን ቁጥር በመሣሪያ ማስተካከል ለሚያውቅበት ቀላል ነው፤ ለዚህም ነው ያገለገለ መኪና የሚገዙ አጥቢያዎች ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አይተው እንዳያምኑ የምንመክረው። የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ መበላት፣ የመቀመጫውን መጐድጐድ፣ የዘይት ቅያሪ መዝገቡን አብረው ይመልከቱ።

የጠፋው ኪሎ ሜትር

ሰሌዳው ዳነ፤ የዘጠኙ ቀን ኪሎ ሜትር ግን አልተመለሰም። ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሥራ የሚወጣ ነዳጅ ተጠያቂነት ያለው በኪሎ ሜትር ነው። መኪናው በ1 ሊትር 8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ከተያዘ፣ 240 ኪሎ ሜትር የሄደ ሹፌር 30 ሊትር ማስረዳት አለበት። ቆጣሪው በቆመበት ወቅት የተቀዳው ናፍጣ በደረሰኝ አለ፤ የተጓዘው መንገድ ግን በሰሌዳው ላይ የለም። ሒሳቡን የሚመረምር ሰው የሚያየው ያለ ጉዞ የተቃጠለ ነዳጅ ነው።

ከመካከላችን በጉዞ መዝገቡ ላይ የሚመጣጠን ቁጥር እንጻፍና ይለፍ ያለ ነበር። ሐሳቡ ከክፋት አልመጣም፤ መንገዱን በእርግጥ ሄደንበታል፣ ነዳጁም በእርግጥ ለሥራው ነው የዋለው። ነገር ግን በባሕር ዳር «ማንም አልነካውም» ያልነው አፍ ገና አልደረቀም ነበር። ስለዚህ ያደረግነው ይህን ነው፤ ቆጣሪው የቆመበትን ቁጥርና ቀን ጽፈን፣ በዘጠኙ ቀናት የሄድንባቸውን ቦታዎች በየቀኑ ለይተን፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ከቀድሞ የጉዞ መዝገባችን ወስደን ደመርን፤ ቆጣሪው ዳግም የጀመረበትንም ቁጥር አስፈርን። የተሠራው ጥፋት፣ ብርማ ወረቀቱና ማንኪያው ሳይቀር፣ በቃለ ጉባኤው ገባ። ሹፌሩ፣ እኛና የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ፈረምን። የዘይት ቅያሪው ቀጠሮም በዚሁ ድምር መሠረት ቀደም እንዲል ተደረገ፤ ሞተሩ ያን ኪሎ ሜትር ሄዷልና፣ ቆጣሪው ባያውቀውም።

ገንዘብ ያዥ የሆናችሁ አባቶች መኪና ባይኖራችሁም ይህን ልብ በሉልን። የጀኔሬተር ሰዓት ቆጣሪም እንደዚሁ ነው። በክብረ በዓል ሌሊት ቆጣሪው ቆሞ ቢገኝ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያኔውኑ በወረቀት ይጻፍ፤ ሰንብቶ በግምት የሚሞላ ቁጥር የመልካም ሰውን ስም ያጐድፋል።

ለሹፌሮቻችሁ የምታስተላልፉት አንድ ልማድ አለ፤ ባለሙያም መሣሪያም አይጠይቅም። ጧት ጧት ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ቁልፉን ግማሽ ያዙሩና ሰሌዳውን ይመልከቱ። በብዙ መኪኖች በዚያን ጊዜ የዘይቱና የባትሪው ቀይ መብራቶች መብራት አለባቸው፤ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለባቸው። ሳይበሩ ከቀሩ «መኪናው ጤነኛ ነው» ማለት አይደለም፤ የሚያስጠነቅቀው ራሱ ታሟል ማለት ነው። ሞተሩ ተነሥቶ የዘይቱ መብራት ካልጠፋ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ሞተሩን ማጥፋት ነው፤ ጥቂት ልሂድና ልየው የሚባልበት ነገር አይደለም። አንድ ሰሌዳ በማናቸውም ምክንያት መፈታት ካለበትም አስቀድሞ የባትሪው ኔጋቲቭ እግር ይነቀል።

የተቃጠለውን ቍራጭ ሽቦና የሹፌራችንን ብርማ ወረቀት ጋሼ በትንሽ ፖስታ አድርገው መለሱልን፤ ያስከፈሉን ግን ለአንድ ቀን ሙሉ ሥራ ነው፤ ግማሹን ቀን ያባከንነው እኛ ስለሆንን አልተከራከርንም። ድምፅ ማጉያው አሁን ከባትሪው በቀጥታ በራሱ ፊውዝ ይሠራል። በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ሦስት ባለ 10 አምፔር መለዋወጫ ፊውዞች በፕላስተር ተለጥፈዋል፤ መኪናው ከግቢ በወጣ ቁጥር ሹፌሩና ንብረት ክፍሉ ቈጥረው ይፈራረሙባቸዋል።